«ዘሩ ነው ወይስ እኔ?»

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? አያት አካባቢ አዲስ ቤት ገብተን ከቤቱ ጀርባ ሦስት በአራት ሜትር የምትሆን ቦታ አለችን። አፈሩ ጥቁር ነው። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጀምር ካሮት፣ ሰላጣና ቆስጣ መሬት ላይ ዘራሁ። በሌባ ጣቴ ቀዳዳ እያበጀሁ አንድ በአንድ ነው የከተትኩት። ቲማቲም በቆርቆሮ ዘራሁ፤ ፍግ ከሰፈራችን ወተት ሻጮች አምጥቼ ጨመርኩበት። አክስቴ ከአሜሪካ የላከችልኝ የሽንኩርት፣ እንዲሁም የፔቱኒያና የኮስሞስ አበባ ዘርም ነበር። ካሮቱ ጭራሽ አልወጣም። ሰላጣው አምስት ስድስት ሆኖ ቀረ። ቲማቲሙ ግጥም ብሎ በቅሎ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተራ በተራ ወደቀ። ሽንኩርቱ ቅጠል ብቻ ነው፣ ፔቱኒያው የለም። የተሳካልኝ ቆስጣውና ኮስሞሱ ብቻ ነው። ዘሩ ነው መጥፎው ወይስ የእኔ እጅ ለተክል አይሆንም? አሁን መስከረም ገባ። ልድገመው ወይስ ችግኝ ገዝቼ ልገላገል?»

እህቴ፣ እንኳን አደረሰሽ። ከመጨረሻው ልጀምር። ድገሚው። ለአዲስ አበባ ጓሮ መስከረም ከሰኔ ይሻላል፤ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ። እጅሽም ምንም አልሆነ። ቆስጣና ኮስሞስ ያበቀለ እጅ ካሮት የማያበቅልበት ምክንያት የለም።

ዘሩም ቢሆን በአብዛኛው ጥፋት የለበትም ብዬ እገምታለሁ። የጻፍሽውን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው «በሌባ ጣቴ ቀዳዳ እያበጀሁ» የሚለው ላይ ነው። እስኪ ጣትሽን ተመልከቺው። እስከ መጀመሪያው አንጓ ብቻ ብታስገቢው እንኳ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የካሮት ዘር ደግሞ ርዝመቷ ሦስት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። አንድ ግራም ውስጥ 800 ያህል ይገባሉ። ይቺ ፍሬ ከአፈር ወጥታ ፀሐይ እስክታገኝ የምትበላው ከእናቷ ይዛ የመጣችውን ስንቅ ነው፤ ስንቋም ትንሽ ነው። ሁለት ሴንቲ ተኩል ጥቁር አፈር፣ በዚያ ላይ የሰኔ ዝናብ ደብድቦ ያጠበቀው፣ ለእሷ ተራራ ነው። መንገድ ላይ ስንቋ ያልቅባትና እዚያው ትቀራለች።

አሁን ቆስጣውን እይው። የቆስጣ ዘር ትልቅ ነው፤ የተኮማተረ ቡሽ ይመስላል፣ ከበርበሬ ዘር ይበልጣል። ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ተኩል ሴንቲ ጥልቀት ለእሱ ምቾት ነው። ኮስሞስም ረጅም መርፌ የመሰለ ዘር ነው፣ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚሆን። ስንቅ ስላላቸው ወጡ። ጣትሽ ለእነሱ ልክ ነበር፣ ለካሮትና ለሰላጣ ግን ጉድጓድ ሆነ። ያው አንድ ጣት ነው የሠራውም ያበላሸውም።

ልምዱ ቀላል ነው። ዘርን ከራሱ ውፍረት ሁለት ሦስት እጥፍ በሆነ አፈር ብቻ አልብሺው። ካሮት ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲ። ቲማቲምና ቃሪያ አንድ ሴንቲ። ጎመን አንድ ሴንቲ። ቀይ ሥርና ቆስጣ ሁለት። ባቄላና አተር አራት። ሰላጣ ግን በጭራሽ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ብዙዎቹ የሰላጣ ዓይነቶች ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋሉ። መሬቱ ላይ በትነሽ፣ በመዳፍሽ ጫን ጫን አድርገሽ፣ እንደ ጨው ስስ የሆነ የተነፋ አፈር ነስነስ ካደረግሽበት በቂ ነው።

ይህን ያወቅሁት ከትምህርት ቤት ብል ውሸት ነው። ገና ተመርቄ የገባሁበት ችግኝ ጣቢያ አሥር ሜትር መደብ ሰላጣ እንድዘራ ታዘዝኩ። ክር ዘርግቼ፣ መስመር አውጥቼ፣ በጥንቃቄ ቀበርኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣሁ። የበቀለው አረም ነው፣ እሱም በመስመር አልነበረም። አንድ ቀን የጣቢያው ዘበኛ አጠገቤ ቁጢጥ አሉና በጥፍራቸው አፈሩን ጫር ጫር አደረጉት። አንዲት ነጭ ክር የመሰለች ነገር አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። «ልጄ፣ ቀበርከው እንጂ መች ዘራኸው» አሉኝ። በቅላ ነበር። ወደ ላይ ስትጓዝ ነው የሞተችው። እስከ ዛሬ ሰላጣ በዘራሁ ቁጥር ያቺ ነጭ ክር ትታየኛለች።

የካሮት ሁለተኛው ችግር ትዕግሥት ነው። እዚህ በእኛ ብርድ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ትቆያለች። በእነዚያ ቀናት የላይኛው አንድ ሴንቲ አፈር አንድ ጊዜ እንኳ ድርቅ ካለ ነገሩ አበቃ። የነቃች ዘር ተመልሳ አትተኛም። ሐምሌ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ኃይለኛ ዝናብ ይመታዋል፣ ፀሐይ ብቅ ሲል የላዩ ቅርፊት ይሠራል፣ ሕፃኗ ቡቃያ ያን ጣሪያ መስበር ያቅታታል።

ለሁለቱም መድኃኒቱ ጆንያ ነው። ካሮቱን ዘርተሽ፣ በስሱ አልብሰሽ፣ ውሃ አጠጥተሽ ስታበቂ መደቡን በእርጥብ የቃጫ ጆንያ ሸፍኚው። በላስቲክ ማዳበሪያ ከረጢት አይደለም፣ ያ ውሃ አያሳልፍም። ውሃውን በጆንያው ላይ አፍስሺ። ከሰባተኛው ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ጫፉን ገልጠሽ ተመልከቺ። አረንጓዴ ክር የመሰሉ ሦስት አራት ቡቃያዎች ካየሽ የዚያኑ ዕለት፣ አመሻሽ ላይ፣ ጆንያውን አንሺው። አንድ ሁለት ቀን ከዘገየሽ ቡቃያው በጨርቁ ቀዳዳ ውስጥ ይሰካና ስታነሺው አብሮ ይነቀላል። ካሮትን በችግኝ አፍልቶ ማዛወርም አያዋጣም፤ ሥሩ ሲነካ ሹካ ይሆናል። ባለ ሁለት እግር ካሮት አይተሽ ስቀሽ ይሆናል፣ ብዙውን ጊዜ መነሻው ወይ ጠጠር ወይ ትኩስ ፍግ ወይ መዛወር ነው።

ወደ ቲማቲሙ ልምጣ፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው። በቅሎ ነበር ብለሻል፣ ስለዚህ ጥልቀቱ ደህና ነበር። የወደቀውን አንዱን አንስተሽ ብታዪው ኖሮ፣ ግንዱ ልክ አፈሩን በሚነካበት ቦታ ቀጥኖ፣ ጠቁሮ፣ ክር መስሎ ታገኚው ነበር። ከዚያ በላይ ያለው ቅጠል ገና አረንጓዴ ነው። በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ሻጋታና የሻጋታ ዘመዶች ናቸው ይህን የሚያደርጉት። ሁልጊዜም አሉ። ጉልበት የሚያገኙት አፈሩ ሲጨቀይ፣ ችግኙ ሲጨናነቅና አየር ሲጠፋ ነው። ቆርቆሮሽ ከሥሩ ቀዳዳ ነበረው? አልጻፍሽልኝም፣ ግን ነበረው ብዬ አልወራረድም። ፍጉም ከወተት ሻጮቹ በቀጥታ ከመጣ ጥሬ ነው። ጥሬ ፍግ ለችግኝ እሳት ነው፤ ሥሩን ያቃጥላል፣ ሻጋታውን ያበላል። ሦስት አራት ወር ተከምሮ፣ እየተገላበጠ፣ ሽታው ጠፍቶ የጫካ አፈር የሚሸት ሲሆን ያን ጊዜ ነው የሚያገለግለው። እጅሽ ላይ ፈርፈር ሲል፣ ከየትኛው እንስሳ እንደመጣ ማወቅ ሲያቅትሽ፣ ደርሷል።

ለሚቀጥለው የችግኝ አፈር እንዲህ አድርጊ፤ በችግኝ ጣቢያ የተለመደ ልክ ነው። ሦስት እጅ ጥሩ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ። በወንፊት ንፊው። ዕቃ መግዛት አያስፈልግሽም። የወተት ላስቲክ አጥበሽ ከሥሩ አራት ቦታ ብትወጊው ግሩም የችግኝ ከረጢት ይሆናል። ሃይላንድ አጋድመሽ አንዱን ጎን ብትቆርጪው ደግሞ ትንሽ የችግኝ ማፍያ ነው። ክዳኑን በጋለ መርፌ ስድስት ሰባት ቦታ በስተሽው ውሃ ሞልተሽ ብትጨምቂው የማይጎዳ ማጠጫ አገኘሽ። ውሃ ጠዋት ብቻ አጠጪ። ማታ የረጠበ ቅጠልና ግንድ ሌሊቱን ሙሉ በአዲስ አበባ ብርድ ተጨቅይቶ ያድራል፣ በሽታ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ዘሩንም አትንፈጊው፣ ግን አታጨናንቂው፤ በየሁለት ጣት ርቀት አንድ።

ቲማቲም ላይ አንድ የግሌን አስተያየት ልጨምር። ለጀማሪ በክረምት አልመክረውም። በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት ዋግ ይመታዋል፤ ያው ድንችን የሚያጠፋው በሽታ ነው። ቅጠሉ በሦስት ቀን ውስጥ የፈላ ውሃ የፈሰሰበት ይመስላል። ዘሩን ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አፍይ። የካቲት መጀመሪያ ላይ ችግኙ አንድ ስንዝር ሲሆን አዛውሪው። ዋናው ዝናብ ሳይገባ፣ ግንቦት ላይ፣ መልቀም ትጀምሪያለሽ። የዘር ሱቅ ስትሄጂ ሮማ ቪኤፍ፣ ወይም ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡትን መልካሳልሳና መልካሾላ ጠይቂ። የእነዚህን ዘር ከበሰለው ፍሬ አውጥተሽ ለሚቀጥለው ዓመት ማቆየት ትችያለሽ። ዲቃላ ዘር ከገዛሽ ግን ከእሱ ያወጣሽው ዘር እናቱን አይመስልም፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ጭብጥ የማይሞላ ይሆናል። ዋጋውም ያንቺን ቦታ ለምታህል ጓሮ አያስፈልግም።

ሽንኩርቱ ደግሞ ከሁሉም የገረመኝ ነው፤ ምክንያቱም ምንም ጥፋት የለብሽም። ዘሩም ደህና ነው። አክስትሽ ከሰሜን አሜሪካ የላከችልሽ ዘር ለዚያ አገር በጋ የተፈጠረ ነው። ሽንኩርት ራስ የሚያበጀው የቀኑ ርዝመት ሲነግረው ነው። የሰሜኖቹ ዓይነቶች ቀኑ ከ14 እስከ 16 ሰዓት እስኪረዝም ይጠብቃሉ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በሰኔ እንኳ ረጅሙ ቀናችን ወደ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። ያ ሽንኩርት ምልክቱን እየጠበቀ ቅጠል ሲያወጣ ይኖራል፣ አሥር ዓመት ብትንከባከቢውም ራስ አይቋጥርም። ቅጠሉን ቆርጠሽ ለሰላጣና ለእንቁላል ፍርፍር ተጠቀሚበት፣ እሱ አይከፋም። ራስ ከፈለግሽ አዳማ ሬድ ወይም ቦምቤ ሬድ ዝሪ፤ ለእኛ ቀን የተስማሙ ናቸው።

ያው የቀን ነገር ኮስሞስሽን ጠቅሞታል። ኮስሞስ አገሩ ሜክሲኮ ነው፣ አጭር ቀን ይወዳል። እዚህ ዓመቱን ሙሉ ቀናችን እኩል ለእኩል ስለሆነ ቶሎ ያብባል። እንደዚሁ ማሪጎልድና ዚኒያ ከዚያው ሰፈር የመጡ ናቸው፤ ሁለቱም ለጀማሪ እጅ የታዘዙ ይመስላሉ። በነገራችን ላይ የአሜሪካ ፓኬት ጀርባ ላይ «የመጨረሻው ውርጭ ከማለፉ ስድስት ሳምንት በፊት ቤት ውስጥ ዝሩ» የሚለውን እርሺው። የእኛ ዓመት በውርጭ አይቆጠርም፣ በዝናብ ነው። ለአክስትሽም በፍቅር ንገሪያት፣ ዘር ወደ አገር ሲገባ የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ይጠየቅበታል። ከዘሩ ይልቅ ጥሩ መቀስ ብትልክልሽ ይሻላል።

ፔቱኒያን ለብቻው ላንሳው። አንድ ግራም ውስጥ ወደ 10,000 ዘር ይገባል። ብናኝ ነው። ስታነጥሺ ይበራል። እሱን በጣት ቀዳዳ ውስጥ መክተት መርፌን ገደል ውስጥ እንደመጣል ነው። ካለሽ ትራፊ ጋር አንድ ማንኪያ ደረቅ ጥሩ አሸዋ ቀላቅይና በተነፋ እርጥብ አፈር ላይ በትኚው። ምንም አታልብሺው፤ ብርሃን ይፈልጋል። በስስ ላስቲክ ሸፍነሽ በቀጥታ ፀሐይ የማይመታው ብሩህ መስኮት ላይ አኑሪው። ከላይ ውሃ እንዳታፈሺበት፣ አንድ ጥግ ይዞት ይሄዳል። ዕቃውን ውሃ ባለበት ሳህን ላይ አስቀምጪው፣ ከሥር ይጠጣል። ሲበቅል ላስቲኩን ወዲያው አንሺ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር የሚያድግ አይመስልም። ተስፋ አትቁረጪ። እውነቱን ለመናገር ፔቱኒያ ለሁለተኛ ዓመት ይቆይ ባይ ነኝ።

«ዘሩ ነው ወይ» ላልሽው ደግሞ በገዛ እጅሽ መልስ የምታገኚበት መንገድ አለ። ሶፍት ውሃ አርጥበሽ ጨመቅ አድርጊው። አሥር ዘር ቆጥረሽ አስቀምጪበት፣ እጠፊው፣ ፌስታል ውስጥ ከትተሽ ፍሪጅ ላይ አኑሪው፤ ውስጡ አይደለም፣ አናቱ ላይ፣ እዚያ ሞቅ ይላል። ሰላጣና ጎመን በአምስት ቀን ይናገራሉ። ቲማቲም በሳምንት፣ ካሮት በሁለት፣ ቃሪያ እስከ ሦስት። ከአሥሩ ሰባትና ስምንት ከነቁ ዘርሽ ደህና ነው። አራት አምስት ከሆነ ጠቅጠቅ አድርገሽ ዝሪ። ሁለት ከሆነ ለዶሮ። እዚህ አገር ዘር ብዙ ጊዜ ከተከፈተ ቆርቆሮ በማንኪያ ተለክቶ በወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጣል። ሻጩን ቆርቆሮውን እንዲያሳይሽ ጠይቂው፤ ቀኑ እሱ ላይ አለ። የሽንኩርት ዘር ከአንድ ዓመት በላይ እምነት አይጣልበትም። ካሮት ሁለት ሦስት ዓመት፣ ቲማቲምና ጎመን አራት ዓመት ይቆያሉ፣ ያውም በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጡ። ከምድጃ በላይ ባለ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ዘር አመት አይሞላም።

አሁን ወደ ቦታሽ እንግባ። ጥቁር አፈር ብለሻል፣ መረሬ ነው፤ ዋልካም ይሉታል። ሲረጥብ ጫማ ይዞ ይቀራል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። መጥፎ አፈር እንዳይመስልሽ። ሀብታም ነው፣ አመለኛ ግን ነው። ሰኔና ሐምሌ ላይ ውሃ ስለሚተኛበት ሥር አየር ያጣል። መስከረም ይሻላል ያልኩሽ ለዚህ ነው፤ ዝናቡ እየለቀቀ ነው፣ አፈሩ ግን ገና ርጥብ ነው፣ ፀሐይዋም ተመልሳለች። የውሃውን ልክ የምትወስኚው አንቺ ነሽ፣ ሰማዩ አይደለም።

ቦታዋን በአጭሩ በኩል ርዝመታቸው ሦስት ሜትር፣ ስፋታቸው አንድ ሜትር በሆኑ ሦስት መደቦች ክፈያት። በመካከል ሃምሳ ሃምሳ ሴንቲ መሄጃ ሁለት ይተርፍሻል፤ ልክ አራት ሜትር ይሞላል። ከአንድ ሜትር በላይ አታስፊው፣ ከሁለቱም ጎን እጅሽ መሐሉ መድረስ አለበት። መደቡን አንድ ጊዜ ከሠራሽ በኋላ ማንም አይርገጠው፣ ልጆቹም ቢሆኑ። የመሄጃውን አፈር ወደ መደቡ እየገለበጥሽ ሃያ ሴንቲ ያህል ከፍ አድርጊው። ለእያንዳንዱ መደብ ሦስት አራት ባልዲ የበሰበሰ ፍግና አንድ ሁለት ባልዲ አሸዋ ቀላቅዪ። አፈሩን የምትሠሪበትን ቀን ምረጪ። ጭብጥ አድርገሽ ጨምቂው፤ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ሁለት ቀን ጠብቂ። በርጥቡ ከቆፈርሽው ሲደርቅ ጡብ ይሆናል።

ከመቆፈርሽ በፊት ግን ፀሐይዋን እይ። አትክልት በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል። በእኛ አገር ፀሐይ በሰኔ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ቤትሽ ከቦታዋ በስተደቡብ ከቆመ ሰኔ ላይ ያየሽው ፀሐይ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ላይኖር ይችላል። አንድ ፎቅ ቤት በታኅሣሥ እኩለ ቀን ሦስት አራት ሜትር ጥላ ይጥላል። እንዲያ ከሆነ ለቤቱ የቀረበውን መደብ ለሰላጣና ለቆስጣ ተዪው፣ እነሱ ግማሽ ጥላ ይችላሉ። ካሮትና አበባ ራቅ ይበሉ።

በዚህ መስከረም ሁለቱን መደብ ብቻ ዝሪ። ሦስተኛው ይረፍ፤ ፍግ አልብሰሽ ለየካቲቱ ቲማቲም አቆዪው። ብዙ ሰው የሚሰለቸው በአንድ ቀን አሥራ አምስት ዓይነት ዘር ከፍቶ ነው።

አንዱ መደብ ላይ ግማሹን ካሮት። ናንቴስ የሚባለውን ፈልጊ። መስከረም 15 ብትዘሪው ለገና ከራስሽ ጓሮ ካሮት ትነቅያለሽ፣ 104 ቀን ነው። የቀረው ግማሽ ቀይ ሥር። አንድ ፍሬ ዘርተሽ ሦስት ቡቃያ ቢወጣ አትደንግጪ። የቀይ ሥርና የቆስጣ «ዘር» የሚባለው በእውነቱ የብዙ ዘሮች ጥቅል ነው፤ ሁለቱ የአንድ ተክል ልጆች ናቸው። ከሦስቱ ጠንካራውን አስቀርተሽ ሌሎቹን በጥፍርሽ ቁረጪ። አትንቀዪ፣ የጎረቤቱን ሥር ያናጋል።

ማሳሳት ላይ፣ ማለትም ከተጨናነቀው ቡቃያ ትርፉን ማውጣት ላይ፣ ጨካኝ ሁኚ። ሴቶች በተለይ ይህን አልወድም ይሉኛል፣ «ነፍስ አለው» ይላሉ። የባለቤቴም ክርክር ይኸው ነው። ካሮት ግን በየአምስት ሴንቲው አንድ ካልሆነ ሁሉም የጫማ ክር ሆኖ ይቀራል። ቡቃያው የጣት ርዝመት ሲሆን አንድ ጊዜ፣ ሦስት ሳምንት ቆይተሽ ሌላ ጊዜ አሳሺው። ሁለተኛው ላይ የምታወጪው ትንንሽ ካሮት ይበላል፤ ልጆች እሱን ነው የሚወዱት።

ሁለተኛው መደብ ሰላጣና ጎመን። ያለሽን ቆስጣ አትንኪው፣ የውጪ የውጪውን ቅጠል ብቻ ከሥሩ እየቆረጥሽ ወራት ትበያለሽ። ሰላጣውን በማፍያ መስከረም 15 ብትዘሪ በወሩ ታዛውሪዋለሽ፤ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ሲገባ የመጀመሪያውን ቅጠል ትቆርጫለሽ። ግን ሁሉንም ዘር በአንድ ቀን አትዝሪ። በየሁለት ሳምንቱ ቆንጠር ቆንጠር አድርጊ፣ ያለዚያ ሠላሳ ሰላጣ በአንድ ሳምንት ይደርስና ለጎረቤት ስታድዪ ትውያለሽ። ጎመን ደግሞ የሀበሻውን ዝሪ። የገዛ አገራችን ተክል ነው፣ ዘሩ በቅመማ ቅመም ተራ «ጎመን ዘር» ተብሎ ይገኛል፣ ለአፈሩም ለብርዱም አዲስ አይደለም። ይህን ዘርቶ የከሰረ ሰው አላየሁም።

ስታዛውሪ አመሻሽ ላይ ይሁን። ከዚያ በፊት ለአንድ ሳምንት ችግኙን ከጥላ ወደ ፀሐይ አለማምጂው፣ ውሃውንም ቀነስ አድርጊ። በመጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ቅጠሎች የተክሉን መልክ ገና አልያዙም። ከእነሱ ቀጥሎ የራሱን መልክ የያዘ ቅጠል አራት አምስት ሲያወጣ ደርሷል። በግንዱ አትያዢው፣ በቅጠሉ። ቅጠል ቢበጠስ ሌላ ያወጣል፣ ግንድ ከተሰበረ ሌላ የለውም።

በነጋታው ጠዋት ሁለት ሦስት ችግኝ ከሥሩ በመቀስ የተቆረጠ መስሎ ተኝቶ ካገኘሽ የቆራጭ ትል ሥራ ነው። በዚያው በተቆረጠው ሥር አፈሩን በጣትሽ ጫር ጫር ብታደርጊ እንደ ቀለበት ተጠቅልሎ ተኝቶ ታገኚዋለሽ። ግደይው። ለሚቀጥለው ደግሞ የማኪያቶ ወረቀት ኩባያ ታቹን ቆርጠሽ ችግኙን አጥልቂለት፣ ግማሹ አፈር ውስጥ ይግባ። ጎመን ላይ ክሽክሽ የሚባለው ደቃቅ ተባይ ከመጣ ከቅጠሉ ሥር በውሃ ግፊት እጠቢው፤ ካልለቀቀ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በቂ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ረጭተሽ በነጋታው አለቅልቂው። አመድ የሚነሰንሱም አሉ፤ በልኩ ከሆነ አይጎዳም። ቀንድ አውጣ በእጅ ነው የሚለቀመው፣ ከዚያ የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም።

ውሃ። ሰፈራችሁ በፈረቃ እንደሆነ እገምታለሁ። በበጋ አንድ ካሬ ሜትር በቀን ከአራት እስከ አምስት ሊትር ይጠጣል። ሁለት መደብ ስድስት ካሬ ነው፣ ስለዚህ ሃያ አምስት ሠላሳ ሊትር፤ አንድ ጄሪካንና ግማሽ በይው። ትልልቅ ከሆኑ በኋላ በየቀኑ እየረጩ ከማታለል በሁለት ቀን አንዴ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ይሻላል፣ ሥሩ ወደ ታች ይከተላል። ሩዝና አትክልት ያጠብሽበትን ውሃ አታፍሺው። በረድፎቹ መካከል ደረቅ ሣር ብትጎዘጉዢ መረሬው አይሰነጠቅም፣ ውሃውም አይተንም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ከጠራና ነፋስ ከሌለ፣ ዝቅ ባለ ቦታ ውርጭ ሊወርድ ይችላል። የዚያን ምሽት ችግኞቹን በጋዜጣ ወይም በአሮጌ አንሶላ አልብሻቸው።

አበቦቹን ዳር ዳሩን አድርጊ። ማሪጎልድና ዚኒያ በአንድ ሴንቲ ጥልቀት፣ በቀጥታ መሬት ላይ። በሳምንት ይወጣሉ፣ በሁለት ወር ያብባሉ። ዝኩኒ መትከል ካሰብሽ አበባ ግድ ይልሻል። ዝኩኒ ወንድና ሴት አበባ ለየብቻ ነው፣ ከሥሯ ትንሽ ዝኩኒ የያዘችው ሴቷ ናት። ንብ ካልመጣላት ፍሬዋ የጣት ያህል ሆና ትበሰብሳለች። በሶብላሽንም ጥቂቱን አበባ እስኪያወጣ ተዪው፣ ንቦች ይሞቱለታል። ከኮስሞስሽ ደግሞ ጥቂት አበባ ሳትቆርጪ አድርቂና ዘሩን በወረቀት አስቀምጪ። አደይ አበባም በአቅራቢያሽ ካለ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ራሱ ሲደርቅ ጨብጠሽ ውሰጂና በሚቀጥለው ግንቦት መጨረሻ አጥር ሥር በትኚው። እሱን ማንም አጠጥቶት አያውቅም።

ችግኝ ገዝቼ ልገላገል ላልሽው፣ ለቃሪያና ለጥቅል ጎመን አዎ፣ ግዢ፤ አሥር ችግኝ ይበቃሻል፣ ለአሥር ችግኝ ብሎ ሁለት ወር መጠበቅ አያስፈልግም። ጽጌረዳና የጥብስ ቅጠልም ከቁራጭ ነው የሚተከሉት፣ ዘር አትፈልጊላቸው። የቀረውን በዘር አድርጊው።

የካሮቱን ጆንያ ግን በሰባተኛው ቀን መግለጥ እንዳትረሺ።